ሌባው ያልሰበረው ቁጥር

የዛሬው ጨዋታዬ የሚጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው። ለሰው ማውራቱ ይቅርና ለባለቤቴ ለመንገር እንኳን አንድ ሌሊት ፈጅቶብኛል። ያቺ አንድ ሌሊት ምን ያህል እንዳስከፈለችን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የአዳማ ፀሐይ ሰውን ከቤት አላስወጣ ስትል፣ በረንዳው ላይ ጥላ ፈልጌ ተቀምጬ ነበር። በዋትሳፕ መልእክት ገባልኝ። የላከው የዕድራችን ጸሐፊ ነው፤ ስሙም ፎቶውም የእሱ ነው። «ጋሼ፣ የዕድሩን አባላት በስልክ እየመዘገብን ነው። አሁን ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ይደርስዎታል፤ እሱን ይላኩልኝ» ይላል። ቁጥሩ ወዲያው ደረሰኝ። እኔም ላክሁለት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መለሰ።

ትንሽ ቆይቶ ዋትሳፑ ከስልኬ ላይ ተዘጋ። ነገሩ ስላልጣመኝ ወደ አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ ለጸሐፊው ደወልሁ። «ጋሼ፣ የኔ እኮ ከትናንት ወዲያ ተሰርቋል! ምንም አልላኩልዎትም» አለኝ። እግሬ ከዳኝ። ግን ለማንም አልተናገርሁም። ዕድሜዬን በሙሉ የሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ፣ የሰውን ሳንቲም ስጠብቅ ኖሬ፣ በአንድ መልእክት ተሸወድሁ ብዬ ለልጆቼ ልንገር? ነገ አየዋለሁ ብዬ ተኛሁ።

ሌባው ግን አልተኛም። በእኔ ስም ለዘመድ ሁሉ «ድንገት ታምሜ ሆስፒታል ገብቻለሁ፣ ለመታከሚያ አንሶኛል» እያለ ይጽፍ ነበር። መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚነግደው የባለቤቴ ወንድም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ 12,000 ብር ላከለት። አስቡት እንግዲህ፤ እኔ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ አውቄያለሁ። በዚያች ሰዓት አፌን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ አይሄድም ነበር። ገንዘቡን ሌባው ወሰደው፤ መንገዱን የጠረገለት ግን የእኔ እፍረት ነው።

በማግስቱ ቤተሰቡ ሁሉ ሲሰማ እኔ የተቆጣሁት በስልኩ ላይ ነበር። «ይህን ነገር አጥፉልኝ! ቁልፍ የሌለው ቤት ውስጥ አልቀመጥም» አልሁ። ስምንተኛ ክፍል የሆነችው የልጅ ልጄ ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ ቁልፉ እኮ አልተሰበረም። ሌባው አንኳኳ፣ እርስዎ ከፈቱለት» አለችኝ።

ንግግሯ ቆጠቆጠኝ። «ለመሆኑ ቁልፉ ምንድን ነው?» አልኋት።

«ቁጥር ነው። ትልቅ ብቸኛ ቁጥር።»

ቁጥር ከሆነማ የእኔ ጉዳይ ነው አልሁ። እሷንና ኮምፒውተር የሚያስተምር አንድ ጎረቤታችንን ይዤ ያን ሳምንት ስጠይቅ ከረምሁ። ያገኘሁትን እናንተም ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ብትሞክሩት ደስ ይለኛል። እርሳስና ወረቀት፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ጥቂት ሲኒዎች አቅርቡ።

አሥራ ሁለት ሲኒ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። በሦስት ረድፍ አራት አራት፣ ወይም በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ይሆናል። አሁን አንድ ሲኒ ጨምሩና አሥራ ሦስት አድርጉት። በምንም ረድፍ እኩል አይገባም፤ ሁሌ የሚተርፍ ወይም የሚጎድል አለ። ያለው ምርጫ አንድ ረጅም ሰልፍ ብቻ ነው። ከአንድ የሚበልጥና ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም እኩል የማይከፍለው እንዲህ ያለው ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19 እያለ ይቀጥላል፤ ማለቂያም የለውም።

«ይህ የፈረንጅ ትምህርት ለእኛ ምን ያደርጋል?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም ብዬ ነበር። ግን ከሁለቱ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ከ7ና ከ19፣ ጋር አባቶቻችን የቆየ ወዳጅነት አላቸው። ባሕረ ሐሳብን አስታውሱ። ሰባት የሳምንቱ ዕለታት ናቸው። 19 ደግሞ ንዑስ ቀመር ነው፤ በየ19 ዓመቱ ጨረቃና ፀሐይ አቆጣጠራቸው ይገናኛል። አራቱን ወንጌላውያን ጨምራችሁ 4ን በ7፣ ያንንም በ19 ብታባዙ 532 ታገኛላችሁ፤ ዐቢይ ቀመር የሚባለው ይኸው ነው። ሦስቱ ቁጥሮች የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ሦስቱም ዙሮች አንድ ላይ ወደ መነሻቸው ለመመለስ 532 ዓመት ሙሉ ይፈጅባቸዋል።

የስሌቱን አካሄድ ደግሞ ልብ በሉ። 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5,500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7,518 ይሆናል። ይህን ለ19 ስናካፍለው ቀሪው 13 ነው። አንድ ለዘመን ትተን 12 ወንበር ሆነ። 12 ጊዜ 11፣ 132፤ ሠላሳ ሠላሳውን ጣልን፣ 12 ቀረ፤ አበቅቴ። 12 ጊዜ 19፣ 228፤ ሠላሳ ሠላሳውን ጣልን፣ 18 ቀረ፤ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሞላሉ። የየደረጃው ድርሻ ስንት እንደሆነ ማን ጠየቀ? ማንም። ተፈላጊው ቀሪው ብቻ ነው። የጾሙና የፋሲካው ቀን የሚወጣው ከቀሪው ነው።

የስልካችንም ቁልፍ የሚሠራው በቀሪ ነው። ትልቁን መጣል፣ ቀሪውን መያዝ።

ለምን ብቸኛ ቁጥር አስፈለገ? በየስምንት ሰዓቱ የሚዋጥ መድኃኒት የታዘዘላችሁ ታውቁታላችሁ። ጧት አንድ ሰዓት ከጀመራችሁ ቀጥሎ ከቀኑ ዘጠኝ፣ ከዚያ ከምሽቱ አምስት፣ ከዚያ ተመልሶ ጧት አንድ ነው። 24 ለ8 ስለሚካፈል ዕድሜ ልካችሁን ብትውጡትም ከሦስቱ ሰዓት አይወጣም። ሰውም በቀላሉ ይገምተዋል። በየሦስት ቀኑ ገበያ የሚወጣ ነጋዴ ግን ሰኞ ቢጀምር ቀጥሎ ሐሙስ፣ እሑድ፣ ረቡዕ፣ ቅዳሜ፣ ማክሰኞ፣ ዓርብ እያለ ሰባቱንም ቀን ሳያዳርስ ወደ ሰኞ አይመለስም። ሰባት ብቸኛ ቁጥር ነውና ሦስት አይከፍለውም። በብቸኛ ቁጥር ላይ እርምጃ ሁሉ የትም ቦታ ይደርሳል፤ ለሌባ የሚመች አቋራጭም ይጠባል።

አሁን ወደ ጨዋታው። እኔና የልጅ ልጄ ምስጢር የምንለዋወጥ ሆንን፤ ባለቤቴ ደግሞ ሌባ ሆና ሁሉንም እንድታዳምጥ ተደረገ። ጮክ ብለን በ19 እና በ2 ተስማማን። እኔ በልቤ 5ን ያዝሁ፤ እሷ 7ን ያዘች። እኔ 2ን አምስት ጊዜ አባዛሁ፤ 32 መጣ፤ 19ኙን ስጥል 13 ቀረኝ። እሷም ሰባት ጊዜ አባዛች፤ 128 መጣ፤ 19 19ኙን ስትጥል 14 ቀራት። «13!» አልሁ ጮክ ብዬ። «14!» አለች። ባለቤቴ ሁለቱንም ጻፈች።

ቀጥሎ እኔ የእሷን 14 አምስት ጊዜ፣ እሷም የእኔን 13 ሰባት ጊዜ እያባዛን፣ በየመሃሉ 19ኙን እየጣልን ሄድን። ወረቀታችንን ገልጠን ስናየው ሁለታችንም ላይ የቀረው 10 ነው! ማንም ሳይናገረው፣ ሌባዋ ፊት ተቀምጠን አንድ የጋራ ምስጢር ላይ ደረስን። አምስትን በሰባት ማባዛትና ሰባትን በአምስት ማባዛት አንድ ስለሆነ ነው። ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህን ብልሃት ለዓለም ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው።

ባለቤቴ ግን እርሳሷን አላስቀመጠችም። «2፣ 4፣ 8፣ 16… ቀጥሎ 32፣ 19 ሲጣል 13! አምስት ነው የያዝከው!» አለች። እውነቷን ነው። በ19 ላይ ያሉት ቀሪዎች 18 ብቻ ስለሆኑ ትዕግሥት ያለው ሌባ አንድ በአንድ ሞክሮ ይደርስበታል። የልጅ ልጄም «ለዚህ ነው ትልቅ ቁጥር ያስፈለገው» አለች።

ምን ያህል ትልቅ? ዋትሳፕ የሚጠቀምበትን ብቸኛ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። አሠራሩ አጭር ነው፤ 2ን 255 ጊዜ እርስ በርሱ ማባዛትና ከውጤቱ 19 መቀነስ። አሥር ጊዜ ሲባዛ 1,024 ነው፤ ሃያ ጊዜ ሲባዛ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል፤ ሠላሳ ጊዜ ሲባዛ ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። 255 ላይ ደርሶ 19 ሲቀነስለት ግን እንዲህ ነው፦

57,896,044,618,658,097,711,785,492,504,343,953,926,634,992,332,820,282,019,728,792,003,956,564,819,949

ባለ 77 አሃዝ ነው። በአምሳ ሰባት ጀምሬ ላነበው ሞከርሁና መጠሪያ አጥቼ ተውሁት። ዳንኤል በርንስታይን የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ሥራው የመረጠው ቁጥር ነው። ከዚያ ከ255 ጊዜ ብዜት ወደ ታች ሲቆጠር መጀመሪያ የሚገኘው ብቸኛ ቁጥር እሱ ነው፤ መቀነሻው 19 መሆኑም ስሌቱን ለስልክ ቀላል ያደርገዋል። ከባሕረ ሐሳቡ 19 ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው። እኔ ግን ሳየው እንደ ድሮ ጎረቤት ፈገግ አልሁለት።

ብቸኛ መሆኑን በምን አወቁ? ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። የራሳችሁን የስልክ ቁጥር ውሰዱ። መጀመሪያ ላይ ያለውን ዜሮ ስትተዉት ዘጠኝ አሃዝ ነው። ብቸኛ መሆኑን በማካፈል ለማረጋገጥ ከ31,622 በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች፣ 3,401ዱን፣ መሞከር ይበቃል። ለጡረተኛ የማያልቅ ሥራ አይደለም። ለባለ 77 አሃዙ ግን የምድር ኮምፒውተር ሁሉ ተሰብስቦ ቢያካፍል አይጨርሰውም።

መንገዱ ሌላ ነው፤ እሱም በቀሪ በኩል ያልፋል። ፌርማ የሚባል ፈረንሳዊ የሕግ ሰው እ.ኤ.አ. በ1640 አንድ ጸባይ አስተዋለ። ከብቸኛ ቁጥሩ አንድ ቀንሱ፤ የማይካፈልለትን ማንኛውንም ቁጥር ያን ያህል ጊዜ አባዙ፤ ለብቸኛ ቁጥሩ ስታካፍሉት ሁልጊዜ 1 ይቀራል። በሰባት እንየው። 2 ስድስት ጊዜ ሲባዛ 64 ነው። ከሰኞ ተነሥታችሁ 64 ቀን ብትሄዱ ማክሰኞ ላይ ታርፋላችሁ። 3 ስድስት ጊዜ ሲባዛ 729 ነው። 729 ቀን ብትሄዱም ማክሰኞ ነው። ብቸኛ ባልሆነው በ9 ግን 2ን ስምንት ጊዜ አባዝታችሁ ብታካፍሉ 4 ይቀራል፤ ቁጥሩ ራሱን አጋለጠ። ከዚህ ዓይነት ጸባይ ተነሥተው ሊቃውንት ጥብቅ ማረጋገጫ ሠርተዋል። አካፋይ ሳይፈልጉ፣ ቁጥሩ አካፋይ እንደሌለው ያውቃሉ።

በዚህ ቁጥር ላይ የእኔ ስልክና ቶሮንቶ ያለችው ልጄ ስልክ፣ እኔና የልጅ ልጄ እንዳደረግነው ምስጢር ይስማማሉ። የስልኩ ስሌት ከእኛ ጨዋታ ይወሳሰባል፤ መንገዱ ግን ያው ነው። ወደፊት መሄዱ ለስልኩ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ ይፈጅበታል። ወደ ኋላ ተመልሶ ምስጢሩን ለማግኘት ግን እስከ ዛሬ በሚታወቀው ብልሃት ባለ 38 አሃዝ እርምጃ ያስፈልጋል። በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን እርምጃ የሚሄድ ማሽን ቢገኝ እንኳን ከሁለት ቢሊዮን ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ሂሳቡን ራሴ አስልቼ አይቼዋለሁ።

እንግዲህ ያን ቁጥር ሌባው መስበር አልቻለም፤ አልሞከረምም። የሞከረው እኔን ነው። በአጭር መልእክት የመጣችው ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር «የዚህ ስልክ ባለቤት እኔ ነኝ» የምታሰኝ ማረጋገጫ ናት። እሷን ሲይዝ ለማሽኑ እሱ እኔ ሆነ። ማሽኑ ደግሞ ለእኔ የሚያደርገውን ሁሉ ለእሱ አደረገለት፤ ምስጢሩንም በታማኝነት ጠበቀለት። ባለ 77 አሃዙን ግንብ በስድስት አሃዝ አዞረው።

ስለዚህ ከኪሳራዬ የተረፈኝን ልስጣችሁ። በአጭር መልእክት የመጣን ማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አትስጡ፤ ለልጅም፣ ለካህንም፣ ለዕድር ጸሐፊም። ሰው በጽሑፍ ገንዘብ ከጠየቃችሁ ደውላችሁ ድምፁን ሳትሰሙ አንድ ብር አትላኩ። በዋትሳፑ ማስተካከያ ውስጥ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባል አለ፤ ራሳችሁ የምታወጡት ተጨማሪ የምስጢር ቁጥር ነው፤ ዛሬውኑ ልጆቻችሁ ያስገቡላችሁ። ከተሰረቃችሁም በዚያው ደቂቃ በስልካችሁ እንደገና ተመዝገቡ፤ አዲስ የሚመጣላችሁን ቁጥር ራሳችሁ ስታስገቡ ሌባው ይወጣል። የእኔው ግን ቀድሞ የራሱን የምስጢር ቁጥር አስገብቶበት ስለነበር እሱ ቢወጣም እኔ ለመግባት ሰባት ቀን መጠበቅ ነበረብኝ።

ከሁሉ በላይ ግን ንገሩ። እኛ ሽማግሌዎች የሚጎዳን አለማወቃችን ብቻ አይደለም፤ አለማወቃችንን መደበቃችን ነው። ለእናንተም ለወላጆች አንድ ቃል አለኝ። አባታችሁ ወይም እናታችሁ «ተሸወድሁ» ብለው ሲመጡ አትሳቁ፣ አትቆጡም። ዛሬ የሳቃችሁበት ሰው ነገ አይነግራችሁም። የእኔ ልጆች ምን ይሉኛል ብዬ ያሳለፍኋት ሌሊት 12,000 ብር አስከፍላለች።

የመቂውን ሰው ብሩን ልመልስለት ብዬ ሄጄ ነበር። «ጋሼ፣ ታመዋል ሲባል ነው የላክሁት፤ ደህና ሆነው ካየሁዎትማ ምን ቀረብኝ?» ብሎ እምቢ አለ። የሽንኩርቱ ወቅት ሳያልፍ ግን በሁለት ጊዜ አድርጌ፣ በባለቤቴ እጅ አስመልሼለታለሁ። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ያልተዘጋ መዝገብ አያስተኛኝም።

በሰባተኛው ቀን፣ እሑድ ማታ፣ ዋትሳፑ ተከፈተ። መጀመሪያ የደወለችው የቶሮንቶዋ ልጄ ናት። ወሬዋ የተለመደው ነው፤ ብርዱ፣ የልጆቿ ትምህርት ቤት፣ የባለቤቷ የሌሊት ሥራ። ሌባ ቢሰማው ምንም አይጠቅመውም፤ ለእኛ ግን የሳምንቱ ምግባችን ነው። ስታወራኝ በመሃላችን ያለውን ያን ረጅም ቁጥር አሰብሁት። በዚያኛውም በዚህኛውም ጫፍ ግን ያለው ሰው ነው፤ ጥበቃው የሚጸናው ሰውዬው ከነቃ ነው።

የልጅ ልጄ አጠገቤ ሆና፣ «አባባ፣ ዛሬ ማረጋገጫ ቁጥር የጠየቀዎት አለ?» አለችኝ።

«አለ» አልኋት። «ቀሪው 10 ነው ብዬ መለስሁለት።»

ደህና ሰንብቱ። ሳምንት ሰው ይበለን።